ቀጥ ተደርጎ ስለተበየደው ምላጭ

ለተከበሩ የገጠር መንገዶች ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ እንዲሁም በተለይ ለወገብዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ወገብዎን ለይቼ የጠቀስኩት በመኪና ወደ እኛ ሰፈር ብቅ ባሉ ቁጥር መንገዱ እንዴት አድርጎ እንደሚያንገላታዎ ስለማውቅ ነው። ስለ ራሴ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ደህና አይደለሁም፤ ደህና አይደለሁም ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ የደብዳቤ ወግ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ የእኔን ነገር ወደ ታች አቆይቼዋለሁ።

ማንነቴ ከተዘነጋዎት፣ መገንጠያው ላይ ሰማያዊ በር ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። ክቡርነትዎ እስከ ዘንድሮ ክረምት መግቢያ ድረስ ደንበኛዬ ነበሩ። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ አንገትዎን አስረክበውኝ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ስንት ጊዜ አንቀላፍተዋል፤ እኔም ስለታም ምላጭ ይዤ ከጉሮሮዎ አጠገብ ስሠራ ቆይቼ አንዲት ጭረት ሳላሳይዎ ሸኝቼዎታለሁ። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ምላጭ የያዘ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት እንዴት ይሁንልዎ ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ለማስታወስ ያህል ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ጠይቄዎታለሁ፣ እርስዎ ግን እኛን ጠይቀውን አያውቁም።

ከፀጉር ቤቱ ግድግዳ ወዲያ ባለችው ክፍል ባለቤቴ ልብስ ትሰፋ ነበር። እሷንም ያውቋታል፤ እግሩ የረዘመብዎትን ሱሪ ሁሉ የምታሳጥርልዎ እሷ ነበረች። ለምን ነበረች እንደምል እርስዎ ያውቃሉ። የማያውቅ አንባቢ ካለ ግን ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ ነውና ታግሶ ወደ ታች ይውረድ። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ለአንባቢ እንዲመች በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ፤ የትኛው ምስጋና የትኛው ቅሬታ እንደሆነ መለየቱን ለክቡርነትዎ ትቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትራክተሩ። አዲሱ ትራክተር የገባ ዕለት ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ወጥቶ ነበር፤ እኔም ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ ትቼ ወጥቻለሁ። ትራክተሩ ቀይ ነበር፣ ጎማው ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ከኋላው ደግሞ መንገድ የሚጠርግ ሰፊ የብረት ምላጭ ተገጥሞለታል። ውብ ነበር፤ እዚህ ላይ አሽሙር የለኝም። ችግሩ ምላጩ ዘመም ብሎ መምጣቱ ነው። አንደኛው ጫፍ ወደ ፊት ቀደም፣ ሌላው ወደ ኋላ ቀረት፣ ደግሞም በአንድ ወገን ዝቅ ያለ ነበር። ክቡርነትዎ ዙሪያውን ዞረው ካዩት በኋላ በጉዞ ላይ ተጣሟል ብለው ደመደሙ፤ እንግዶች ሊመርቁት በሚመጡበት ዕለት የተጣመመ ነገር በደጅዎ እንደማይቆምም ተናገሩ።

ወዲያው የሰፈራችን በያጅ ተጠራ። እሱም የኔ ደንበኛ ስለሆነ ነገሩን አፉ በአረፋ ተከቦ እዚያው ወንበር ላይ አጫውቶኛል። ምናልባት ሆን ተብሎ የተሠራ እንዳይሆን ብሎ አንዴ ፈራ ተባ እያለ ጠይቆዎት ነበር። እርስዎም አዲስ ዕቃ ገዝቶ ጠማማ የሚረከብ ሞኝ መሥሪያ ቤት የለም ብለው አሳርፈውታል። ስለዚህ ምላጩ ልክ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ ቀጥ ተደረገ፣ ዳግመኛ እንዳይጣመምም በአራቱም ማዕዘን ተበየደ። ምረቃውም ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፎቶግራፉ አሁንም በጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ኋላ ላይ፣ ትራክተሩን ከሸጠው ድርጅት ለምርመራ የመጣው ባለሙያ ብየዳውን ሲያይ ጭንቅላቱን ይዞ መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ያ ዘመም ማለቱ እኮ የሥራው ዋና ነገር ነበር አለን። ምላጩ ሲያዘነብል አፈሩን ከዳር እየሰበሰበ ወደ መሐል ያመጣል፤ መሐሉ ከፍ ይላል፤ ውሃውም ግራና ቀኝ ወርዶ በቦዩ ይሄዳል። ለዚያም ተብሎ በብሎን ነበር የታሰረው፤ ብሎኑን አላልቶ እንደ ቦታው ማዘንበል ይቻል ነበር። ባለሙያው ይህን ሁሉ ሲያስረዳ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፣ ምነው ትንሽ ቀደም ብለህ በመጣህ እያልኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ልስላሴው። በተበየደው ምላጭ መንገዳችን ተላጨ። መሐሉ ላይ የነበረችው ጉብታ ከነጠጠሯ ተገፍፋ ወደ ሁለቱም ዳር ተገፋች፣ ቦዮቹም በዚያ አፈር ጢም ብለው ሞሉ። መጀመሪያ ላይ እንዴት እንዳማረብን አልክድም። የአትክልት ነጋዴው ጎረቤታችን ፒካፑን እያበረረ ሲያልፍ ድንች እንኳ አይዘልም ይል ነበር። በበጋው ግን መንገዱ ዱቄት ሆነ። ባለቤቴ አስም ነበረባት። መስኮቷን በቁራጭ ጨርቅ ወትፋ ትሰፋ ጀመር፤ ነጭ ልብስ ያመጣ ሰው ቡኒ ይዞ እንዳይመለስ እያለችም ትቀልድ ነበር፤ ስትቀልድ ግን በየመሐሉ አየር ለመሳብ ታቆም ነበር። እኔ በግድግዳው ወዲህ ሆኜ ያን ማቆሟን እሰማው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ውሃው የሚሄድበት አጣና መንገዱን ራሱን መንገድ አደረገው። ሰፈራችን ወንዝ የለውም ብሎ የሚያዝን ሰው ከነበረ ጽሕፈት ቤትዎ እንባውን አብሶለታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። ብዙ ሰው የሚያልፍበት በር ነው ተብሎ በእኔው በር ላይ ስለተለጠፈ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከእንግዲህ ወዲህ ማንኛውም ግለሰብ በዶማም ሆነ በአካፋ መንገዱንና ዳሩን ቢነካ የማሽኑን ሥራ እንዳበላሸ ተቆጥሮ ይጠየቃል ይላል። ክቡርነትዎ ከሌላ ቦታ ተዛውረው ስለመጡ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ በዚህ ሰፈር የመጀመሪያው ዝናብ ባባራ ማግስት ሁሉም በየደጁ ያለውን ቦይ መክፈቱ የቆየ ልማድ ነበር። ማንም ማንንም አያዝም፤ አንዱ ወጥቶ መቆፈር ሲጀምር ሌላው አፍሮ ይወጣል።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው መታጠፊያ ላይ ግን የማንም ደጅ የለም። ያን ቦታ ባለቤቴ ያዘችው። ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ወገቧ ላይ ትሸጉጥና፣ የእኔን አሮጌ ቦቲ ጫማ ታጠልቅና፣ ዶማዋን ይዛ ትወርዳለች። የሰው ልብስ ጠርዝ በጭቃ ካልተበላሸ አንቺ ምን ሠርተሽ ልትበዪ ነው ብዬ ስተርባት፣ ፀጉር በነፃ የሚበቅልልህ ሰውዬ ስለ ሰው ገበያ አትናገር ትለኝ ነበር። ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት ጥበቃዎ እዚያው መታጠፊያው ላይ ሆና አገኛትና በትሕትና ነገራት። እሷም እሺ ብላ ዶማውን ይዛ ገባች፣ ከበሩ ኋላ አቆመችው። ክቡርነትዎ፣ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እኔ ተናግሬ አንድም ነገር እሺ ብላኝ አታውቅም። መንግሥት የላከው ሰው ሲናገራት ግን እሺ አለች፤ ማሽኑ ሲመጣ እኮ ለእኛው ታስቦ ነው ብላ ደግሞ እኔኑ ተቆጣችኝ። በእርስዎ ላይ ያን ያህል እምነት የነበረው ሰው ከእሷ ሌላ አላውቅም።

አራተኛ፣ ስለዚያ ቀን። እዚህ ጋ ስደርስ እጄ እንደ ልብ አይሄድልኝምና የጽሑፉን መበላሸት ይቅር ይበሉኝ።

ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነበር። የአንድ ሽማግሌ ፀጉር እየቆረጥኩ ሳለ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ቀጥ አለ። ክር ሲበጠስባት እንደምታቆመው አይደለም፤ የዚያን ዓይነቱን ማቆም አውቀዋለሁ። መቀሱን ጥዬ ስሮጥ በሯ ላይ አገኘኋት። አንድ እጇ ደረቷ ላይ፣ በሌላው እጇ ጥቁር ሱሪ ይዛለች። የምትስበውን መድኃኒት ወስዳ ነበር፣ ግን አልያዘላትም። የአትክልት ነጋዴው ጫንልን ሳይባል ቅርጫቶቹን ከፒካፑ ላይ ወርውሮ፣ ከእናቱ ጋር ሆነው አስገቧትና ወደ ጤና ጣቢያው ተነሣን። ሩቅ አይደለም፤ ደህና መንገድ ቢሆን እኔ በእግሬ ሳልደክም የምደርስበት ነው።

መታጠፊያው ላይ ያዘን። እሷ ትቆፍረው የነበረው ቦታ ላይ ማለቴ ነው። ውሃው በቦዩ መሄጃ ስላልነበረው መሐል መንገዱን ቦርቡሮ ጉድጓድ አውጥቶ፣ ጉድጓዱን ሞልቶ፣ ላዩ ደልዳላ መስሎ ቆሞ ነበር። ፒካፑ እስከ በሩ ገባ። ገፋን፣ ድንጋይ አነጠፍን፣ ጎማው ግን እየተሽከረከረ ይበልጥ ይቀበራል። ከዚያ ቦታ ሆኖ ቀና ያለ ሰው የጽሕፈት ቤትዎን ጣሪያ ያያል፤ ከጣሪያው አጠገብም በሸራ የተሸፈነውን ትራክተር ያያል። እሷን ለነጋዴው እናት አደራ ብዬ ወደዚያ ሮጥኩ።

የጽሕፈት ቤትዎ መስተንግዶ ጨዋነት የተሞላበት ነበር፤ ለዚህም ላመሰግን እወዳለሁ። ጥበቃው ከዝናብ እንድጠለል ወንበር አቀረበልኝ። ትራክተሩ ለጎብኚዎች ስለታጠበ ጭቃ ውስጥ እንዳይወጣ መታዘዙን፣ ቁልፉም በክቡርነትዎ መሳቢያ ውስጥ መሆኑን፣ እርስዎም ስብሰባ ላይ መሆንዎን በዝርዝር አስረዳኝ። የስብሰባው አጀንዳ የመንገድ ጥገናችንን መልካም ተሞክሮ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ስለማስፋት እንደነበረም ኋላ ሰምቻለሁ። ጥበቃው ራርቶልኝ ሁለት ጊዜ ገብቶ ወጣ፤ መጀመሪያ ይጠብቅ ተባለ፣ ቀጥሎ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ይታያል ተባለ። የትራክተሩ ሹፌር እዚያው ደጅ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቁልፉን ቢሰጡኝ እኔ ልጠየቅበት እያለ የቢሮውን ሰዎች ለመናቸው፤ ማንም አልሰጠውም። ከዚያ እሱም ከእኔ ጋር ባዶ እጁን እየሮጠ ወረደ፤ እስከ ዛሬም ሲያገኘኝ ዓይኔን ማየት አይችልም። እሱን ቂም አልያዝኩበትም፤ እርስዎም ሲያገኙት ይህን ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ስደርስ ገና በሕይወት ነበረች። የፒካፑን መስኮት ተደግፋ የቆመውን ውሃ ታያለች። እዚህ ጋ እኮ ውሃው በቀኝ በኩል ነበር የሚሄደው አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ዕቃ የጠፋባት ሰው እንደሚናገረው። እጇን ያዝኩት። ከዚያ ቀጥሎ የነገረችኝ ስለ ሱሪው ነው። ሱሪው የእርስዎ ነበር፣ ክቡርነትዎ። ለጎብኚዎቹ ቀን እንዲደርስልዎ የሰጧት ጥቁሩ ሱሪ። አንዱን እግር ብቻ ነው የቀመቀምኩት፣ እንዲሁ እንዳትሰጠው፣ ሰው ይስቅበታል አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ባለቤቴ በመጨረሻዋ ትንፋሽ የተጨነቀችው ለእርስዎ ክብር ነበር፤ ይህን ሳያውቁት ቢቀሩ ቅር ስለሚለኝ ጻፍኩልዎ።

አምስተኛ፣ ስለ ቀብሩ። በቀብሯ ዕለት ማለዳ ትራክተሩ በመጨረሻ ወጣ። መኪናዎ እስከ ደጃችን እንዲገባ መንገዱን እንዲያስተካክል አዘውት ነበር፤ ስለ መጡልንም፣ ስለ አበባውም፣ በሰው ፊት ስለተናገሩት ጥሩ ንግግርም አመሰግናለሁ። ምላጩ ግን እንደተበየደ ነበርና የጠረገውን ጭቃ ሁሉ እየገፋ አምጥቶ ከበራችን ፊት ለፊት ከምሮት ሄደ። ሣጥኑን የተሸከሙት ሰዎች መውጫ አጡ። በያጁ፣ ነጋዴውና ሹፌሩ ጭምር ነበሩበት፤ ከትከሻቸው በላይ አንሥተው በጭቃው ክምር ላይ አሻገሯት። አንዱ ተንሸራተተና ሣጥኑ ዘመም አለ፤ እኔ ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት። እርስዎ በመኪናዎ ውስጥ ሆነው ሰምተውኝ እንደሆነ አላውቅም።

ስድስተኛ ቁጥር የለኝም። ከዚያ ወዲህ ያለው ቅሬታ የእኔ ብቻ ስለሆነ መሥሪያ ቤትዎን አይመለከትም። ፀጉር ስቆርጥ በየመሐሉ መቀሴን አቁሜ የስፌት መኪናዋን ድምፅ እጠብቃለሁ። ደንበኞቼ ነገሩ ስለገባቸው ይጠብቁኛል፤ ትንሽ ቆይቼ እቀጥላለሁ። ልቤ ተሰብሯል፣ ክቡርነትዎ። በጨዋ ቋንቋ ብጽፈውም ያው ነው።

ካሳ አልጠይቅም። ማንም ከወንበሩ እንዲነሣም አልጠይቅም፤ እርስዎ ቢነሡ የሚተካዎት ሰው ምላጩን ቀጥ ብሎ ሲያገኘው ደግ ነው ብሎ ሊተወው ይችላል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ብየዳው ይቆረጥ። በያጁ በራሱ መሣሪያ ያለ ክፍያ እቆርጠዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል፤ ባለሙያውም ብሎኑ እንዴት እንደሚታሰር ለሹፌሩ አሳይቶት ሄዷል። ከክቡርነትዎ የሚፈለገው ምላጩ ጠማማ ሆኖ እንዲታይ መፍቀድ ብቻ ነው። ለፎቶግራፍ አያምርም፣ እሱን አውቃለሁ። እዚህ መንገድ ላይ ግን ነገ የሌላ ሰው ሚስት፣ ወይም የእርስዎ ባለቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋታል።

ሌላው በሰው አፍ ከመስማትዎ በፊት ራሴ ላሳውቅዎ የምወደው ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲያባራ የእሷን ዶማ ከበሩ ኋላ አነሣሁ፣ ቦቲዋን፣ ማለቴ የእኔን አሮጌ ቦቲ፣ አጠለቅሁና መታጠፊያው ላይ ወረድኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው የቆፈርኩት። ማስታወቂያው አሁንም በበሬ ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ አላነበብኩም ብዬ አልከራከርም። ስቆፍር መጀመሪያ ማንም አልወጣም፣ ጥቂት ቆይቶ ነጋዴው አካፋ ይዞ መጣ፣ ቀጥሎ በያጁ መጣ፣ ከዚያ ጥበቃዎ ዩኒፎርሙን አውልቆ ግድግዳዬ ላይ ሰቅሎ መጣ። የእሷን ቦይ መልሰን አገኘነው። ትናንት ሲዘንብ ቆሜ አየሁ፤ ውሃው በቀኝ በኩል ሄደ። የምጠየቅ ከሆነ ለመጠየቅ ዝግጁ ነኝ፤ ጥበቃዎን ግን ስሙን ስላልጻፍኩልዎ ይለፉት።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለስብሰባዎችዎ መልካም አጀንዳን፣ ለትራክተርዎ ከጭቃ መጠበቅን፣ ለእንግዶችዎም ደረቅ ጫማን ከልብ እየተመኘሁ፣ እንደ ወትሮው ከፍ ባለ አክብሮት ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

አንገትዎን በታማኝነት ሲጠብቅልዎ የኖረው፣
የመገንጠያው ፀጉር አስተካካይ፣
የልብስ ሰፊዋ ባል

ማስታወሻ፦ ጥቁሩ ሱሪዎ እኛ ቤት ነው፣ ታጥቦና ተተኩሶ በስፌት መኪናዋ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። እንዲሁ እንዳትሰጠው ስላለችኝ አንዱን እግር እኔ ልጨርሰው ሞክሬ ነበር፤ እጄ መርፌ አይችልምና ተውኩት። ስለዚህ አንዱ እግር በእሷ እጅ የተሰፋ፣ ሌላው የረዘመ ነው። ለብሰውት ወደ ቤትዎ ሲመለሱ፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ የረዘመውን እግር በእጅዎ ሰብስበው ይሂዱ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ብቻ ይልቀቁት፤ እዚያ ደረቅ ነው።